የሦስቱ ቤቶች ጋብቻ

የሚስቴን መርዶ የሰማሁት ከሚስቴ ጋር ቁርስ እየበላሁ ነው።

መርዶ ነጋሪው ነጭ በትሩን ከበሩ ላይ አስደግፎ ገባ። ከገበታችን አጠገብ ቆመና ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እግዜር ያጥናህ፤ ይመኙሻል አርፋለች» አለኝ። ይመኙሻል የጎረሰችውን ሳታላምጥ ቀና ብላ አየችው። እኔ እሷን አየሁ። ልጃችን ማሬ ሁላችንንም በየተራ አየችን።

«የትኛዋ ይመኙሻል?» አለችው ሚስቴ።

«የወይዘሮ እቴነሽ ልጅ። የኮርቻ ሰፊው ሚስት።»

«እሷማ እኔ ነኝ!»

መርዶ ነጋሪው ትንሽ አሰበ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለብዙ ዘመን አውቀዋለሁ፣ የበቅሎውንም ኮርቻ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። «እንግዲያው እርስዎንም እግዜር ያጥናዎት» አላትና በትሩን አንስቶ ወጣ። የሚያረዳው ብዙ ቤት ነበረበት።

እኔ በተፈጥሮዬ ግልፍተኛ ነኝ፤ ሰፈሩ ያውቀኛል። ያን ቀን ግን ቁጣም አልመጣልኝም። ይመኙሻል ግን ሳቀች። «ቤት ተሳስቶ ነው፤ ይልቅ ብላ» አለችኝና እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ ወረደች።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ሦስቱ ቤቶች ማውራት አለብኝ። ከተማችን የውሃ ቤት፣ የእህል ቤትና የድንጋይ ቤት አላት። ሦስቱም በየራሳቸው ዘመን፣ በየራሳቸው ሰው የተቋቋሙ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሦስቱም ያውቁናል፤ የሚያውቁን ግን ለየብቻ ነው።

የውሃ ቤት ሰውን የሚያውቀው በእንስራው ነው። ምንጩ በግንብ የታጠረ ስለሆነ፣ እንስራ ብቻ በምታሳልፍ መስኮት አቀብለን ተሞልቶ ይመለስልናል። ቀጂዎቹ የአንዳችንንም ፊት አይተው አያውቁም። በየእንስራው አንገት ላይ ምልክት አለ፤ ምልክቱም በመጀመሪያዋ ባለቤት ስም ይጠራል። እናት ስትሞት እንስራዋ ለትልቋ ሴት ልጇ ያልፋል፤ ስሙ ግን አይለወጥም፣ እንስራው አልሞተምና። ሚስቴ የእናቷን የወይዘሮ እቴነሽን እንስራ ይዛ ስትሄድ ከውስጥ «እቴነሽ!» ብለው ይጣራሉ፤ እሷም «አቤት!» ብላ ትቀበላለች። እናቷ ካረፈች ጀምሮ እንዲህ ነው የኖርነው፤ ማንንም ደንቆት አያውቅም።

የእህል ቤት ደግሞ ሰውን በጥርሱ ያውቃል። ሞኝነት እንዳይመስላችሁ፤ ጥርስ ላለው ጥሬ ይሰፈርለታል፣ ለሌለው ዱቄት። ስለዚህ ሁላችንም በየዓመቱ አንዳንድ ጥፍጥፍ ሰም እንነክሳለን። የነከስነው ሰም ስማችን ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የእህል ቤት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙን ሰላም የሚሉን ከሳቅን ብቻ ነው፤ አፋችንን ከገጠምን አያውቁንም።

የድንጋይ ቤት ሥራው ቀብር ነው። ልጅ ሲወለድ ከከተማው በላይ ባለው ተረተር ላይ ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ ያቆሙለታል፤ ሲሞት ያጋድሙታል። የቆመው አለ፣ የተጋደመው የለም።

እንግዲህ እንስራው፣ ጥርሱና ድንጋዩ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅ አንድም ሹም አልነበረም። እኛ እናውቅ ነበር፤ ለእኛ ይበቃን ነበር።

ጣጣውን ያመጣው አንድ እንግዳ ነው። የበላያችን ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ተቀብሎ ሲያጫውት፣ እንግዳው «ለመሆኑ ሕዝብህ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሦስቱ ቤቶች ተጠሩ። የውሃ ቤት እንስራ ቆጥሮ መጣ። የእህል ቤት፣ ጥርስ ያላበቀሉትን ሕፃናት ሰው ስለማይላቸው፣ ሌላ ቁጥር አቀረበ። የድንጋይ ቤት አለቃ ደግሞ የቆመውን ይሁን የተጋደመውን አልነገሩትምና ሁሉንም ደምሮ የሁለቱን እጥፍ አመጣ። የበላያችን በእንግዳው ፊት አፈረ። «ሦስት አገር ነው እንዴ የምገዛው?» ብሎ ጮኸ፤ ሰፈር ድረስ ተሰማ። በማግስቱ ገጣጣሚ ሹም የሚባል አዲስ ሹመት ተፈጠረ።

ገጣጣሚው ሹም ለስላሳ ሰው ነው። እጁ ለስላሳ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። አደባባይ ሰብስቦን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለን፤ ወደድነው። በአገራችን ሁለት ነገር አንድ የሚሆነው በጋብቻ ነው። ሁለት ማሳ ሲቀላቀል ሽማግሌ ይላካል፤ ሁለት ገበያ ሲዋሃድ ጥሎሽ ይጣላል። ለሦስቱ ቤቶችም ሽማግሌዎች ተላኩ። የውሃ ቤት «እኔ ከድንጋይ ጋር ጎጆ አልወጣም» አለ። የእህል ቤት ውሃ ያበሰብሰኛል ብሎ ፈራ። ሽማግሌዎቹ ጫማቸው እስኪያልቅ ተመላለሱ፤ በመጨረሻ ሦስቱም በግድ ሙሽራ ሆኑ።

የቀረው፣ ሲጣሉ የማን ቃል ይጸናል የሚለው ነበር። ሹሙ ብልህ መላ አመጣ። «ከተገልጋዮቹ ቅሬታ ያልቀረበበት ቤት ራስ ይሁን» አለ። ተፈተሸ። በውሃ ቤት ላይ የቅሬታ መዓት አለ፤ እንስራዬን ሸረፉት፣ ተራዬን ዘለሉት። በእህል ቤት ላይ የባሰ አለ፤ ነቀዝ፣ ጠጠር፣ የጎደለ ስፍር። በድንጋይ ቤት ላይ ግን ከተቋቋመ ጀምሮ ከቀበራቸው ሰዎች አንድ እንኳ ተመልሶ ያማረረ የለም። ሕዝቡ አጨበጨበ። የድንጋይ ቤት ራስ ሆነ፤ እሱ ያለው ሁሉ እውነት እንዲሆን ተፈረመ።

ከዚያ ክር ሳቢዎች መጡ። ከሌላ አገር ነው የመጡት፤ «ሰው የማያውቅ ሰው አያዳላም» ብሎ ሹሙ ራሱ መርጦ አስመጣቸው። ሥራቸው ከሰም ወደ እንስራ፣ ከእንስራ ወደ ተረተሩ ድንጋይ ቀይ ክር መዘርጋት ነው። እንስራውን ማን እንዳዘለው ያዩና ከእሱ ሰም ጋር ያስሩታል። ከዚያ የእንስራው ምልክት በማን ስም እንደሚጠራ ይጠይቁና ያ ስም ካለበት ድንጋይ ጋር ያስሩታል። ከተማው በክር ተሸፈነ። በሬ ተጠለፈ፣ ልጆች ለጨዋታ ቀስት ሠሩበት፣ ትልልቅ ሰዎች በገዛ ሰፈራቸው ጎንበስ ብለው ሄዱ። እኛም ለምደን ጎንበስ አልን።

አሁን የሚስቴን ክር ተከተሉት። ከሰሟ ተነስቶ ወደ እንስራዋ ይሄዳል። እንስራው እቴነሽ ይባላል። ስለዚህ ክሩ ተረተሩን ወጥቶ ከእቴነሽ ድንጋይ ላይ ይቋጠራል። የእቴነሽ ድንጋይ ደግሞ እናቷ ካረፈች ጀምሮ እንደተጋደመ ነው። የሰሙ ባለቤት ይመኙሻል ናት፤ ድንጋይዋ ተጋድሟል፤ ሞታለች። የራሷ የይመኙሻል ድንጋይ ከዚያው አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ክር ግን አልደረሰውም። ክር ያልደረሰው ድንጋይ ባለቤት የለውም ተብሎ ተነቀለ።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ኋላ ነው። ያን ጠዋት ይመኙሻል ከምንጩ ስትመለስ ጀርባዋ ላይ እንስራ የለም። በነጠላዋ ገል ቋጥራ ይዛለች።

«ሰበሩት» አለችኝ። ድምፅዋ ተለውጧል። «‹እቴነሽ› ሳይሉ ዝም ብለው ተቀበሉኝ። ከዚያ ከውስጥ ሲሰበር ሰማሁ። ‹የሟች እንስራ አይሞላም› ብለው ስብርባሪውን በመስኮቱ አቀበሉኝ።»

ወደ እህል ቤት ሮጥኩ። ሰፋሪው የሚስቴን ሰም አወጣና ክሩን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ «አዝናለሁ» አለኝ። የእኔንና የማሬን ድርሻ ሰፈረልኝ፤ የእሷን አስቀረ። ስመለስ ቤቴ በለቀስተኛ ተሞልቷል።

እዚህ ላይ ጎረቤቶቼን እወቅስ ይሆናል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ምን ያድርጉ? መርዶ ተነግሯል፤ መርዶ ተነግሮ ለቅሶ አለመድረስ በአገራችን ነውር ነው። እትዬ ትርንጎ፣ ከአጥራችን ማዶ የምትኖረው፣ ሚስቴን አንቃ ይዛ ትከሻዋ ላይ ታነባለች። «ወይኔ ይመኙሻል! ምን የመሰለች ሴት! እጇ የማይሰስት!» ትላለች። ይመኙሻል ጀርባዋን እየደባበሰች «አይዞሽ እትዬ ትርንጎ፣ አለሁ እኮ» ትላታለች። «አለሽ ብለሽ ነው? አይመስለኝም!» ብላ እትዬ ትርንጎ የባሰ ታለቅሳለች። ለቀስተኛው ደግሞ ባዶ አፉን አይቀመጥም፤ ንፍሮ ቀቅላ ያቀረበችላቸው ሟቿ ናት። የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ፣ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽም አልወጣ የሚባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም። ማሬ ከጥግ ሆና እናቷንም አልቃሾቹንም ትመለከት ነበር።

በማግስቱ ይመኙሻልን ይዤ ወደ ገጣጣሚው ሹም ሄድኩ። አዲሱ አዳራሹ በተነቀሉት ድንጋዮች የተሠራ ነው። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ይመኙሻል እግሯን አንስታ ሳትረግጥ ቆመች። የመግቢያው እርከን ላይ ስሟ ተቀርጿል። ሁለታችንም አየነው። ጎን ጎኑን ረግጠን ገባን።

ሹሙ ሲያያት ከወንበሩ ተነሳላት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ነፍስ ይማር» አላት።

«ጌታዬ፣ እዚሁ ፊትዎ ቆሜያለሁ።»

«አየሁ። ለዚህም ነው ያዘንኩት፤ ገና ወጣት ነዎት።»

ያኔ ቁጣዬ መጣ። «ሴትዮዋ ትናገራለች! ትተነፍሳለች! አይታይዎትም?»

«ይታየኛል ወንድሜ» አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ግን መናገርንና መተንፈስን የሚይዝ ቤት የለንም። ወደፊት ሊቋቋም ይችላል፤ ሐሳብህን አስተላልፋለሁ።»

ጥፍጥፍ ሰም አስመጥቶ አስነከሳት። ከቀድሞው ሰሟ ጋር አስተያየው፤ ቅንጣት ልዩነት የለውም። ልባችን ትንሽ መለስ አለ። ሹሙም ደስ ብሎት ፈገግ አለ። «ያው እንዳልኩት ነው» አለ። «ጥርሱ የሟቿ ነው፤ አልተሳሳትንም።»

ይመኙሻል ግን ከእኔ ትሻላለች፤ ብልህ ናት። «ችግሩ ድንጋይ ከሆነ ድንጋዬ ቆሞ ነበር» አለችው። «ነቅላችሁት ነው። አሁን ደጃፍዎ ላይ ተነጥፏል፤ ረግጠውት ነው የሚገቡት።»

ሹሙ ተነስቶ ሄደና እርከኑን ጎንበስ ብሎ አየ። ስሟን አነበበ። «እውነትዎን ነው፣ ስምዎ አለ» አለ። «ክር ግን የለውም።»

«እንግዲያው ሌላ ይተከልልኝ።»

«ድንጋይ የሚተከለው ለሚወለድ ነው። ሊወለዱ ያስባሉ?»

«ተወልጃለሁ እኮ!»

«እሱን አሁን ማን ያውቃል?» አለ፤ ሲናገር በእውነት ያዘነ ይመስላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የድንጋይ ቤት ቆፋሪዎች ሬሳው ስላልደረሳቸው ቅር ብሏቸዋል። ሐሙስ ወደ እናንተ ይመጣሉ።»

«ምን ሊያደርጉ?» አልኩት።

«ሥራቸውን ነዋ።»

ኧረ በሕግ አምላክ ልል አፌን ከፍቼ ሕግ ራሱ ፊቴ መቆሙ ትዝ አለኝ። ወይ ጉድ! ሰው በቁሙ ሲቀበር ዝም ብዬ ላይ ነው? ይመኙሻል እጄን ያዘችኝ። ሹሙ መደንገጣችንን አይቶ ውሃ አስመጣልን። ለእኔ ብቻ ነው የሞሉልኝ፤ ከእኔ ብርጭቆ ተካፈልን።

«አንድ መላ አለ» አለ ሹሙ። «የተጋደመ ድንጋይ ማንሳት አስቸጋሪ አይደለም፤ አራት ጎበዝ ይበቃል። የእቴነሽን ድንጋይ ካነሳነው ክሩ ይስማማል። ሰሙ አለ፣ የእንስራው ስም አለ፣ ድንጋዩም ቆመ። እርስዎ እቴነሽ ይሆናሉ።»

«እቴነሽ እናቴ ናት። ሞታለች።»

«ከተነሱማ አልሞቱም።»

ይመኙሻል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ልጄስ?»

ሹሙ በጣቱ ክር አየር ላይ የሚስብ ይመስል አሰላሰለ። «ልጅቱ የይመኙሻል ልጅ ናት። ይመኙሻል እንደሞተች ትቆያለች፤ እሱን መንካት አንችልም። ስለዚህ ማሬ የልጅ ልጅዎ ትሆናለች። እናቷ የሞተችባት ልጅ በአያቷ እጅ ብታድግ ምን ክፋት አለው? ብዙ ቤት እንዲህ ነው።» ቀጥሎ አስጠነቀቀን። ክር ጠባቂዎች በየቤቱ ይዞራሉ፤ ክሩ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጡት ልጆችን ጠይቀው ነው፤ ልጅ አይዋሽምና። ልጅቱ ይችን ሴት እማዬ ካለቻት እቴነሽ አይደለችም ማለት ነው። ያኔ ድንጋዩ ይመለሳል፤ ቆፋሪዎቹም ይመጣሉ።

«ካለሁ አይደል አያት የምሆነው» አለች ይመኙሻል። ተስማማች። ሐሙስ ዕለት ቆፋሪዎቹ መጥተው ድንጋዩን ሲያነሱ አየን፤ ላብ በላብ ሆነው «እንኳን ደህና መጡ እማማ» አሏት።

በአገራችን ልማድ አማችና አማት በአንድ ገበታ አይቀርቡም። ስለዚህ ቤታችንን በመጋረጃ ከፈልነው። እሷ ከወዲያ ትበላለች፣ እኔ ከወዲህ። ከመጋረጃው ስትወጣ እነሳለሁ፣ «እርስዎ» እላታለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም ሳቃችን ያመልጠን ነበር። ክር ጠባቂዎች በአጥር ቀዳዳ እንደሚያዩ ከሰማን በኋላ ግን አልሳቅንም። እሷ ነጠላዋን እንደ አሮጊት አጣፍታ መከናነብ ጀመረች፤ አረማመዷንም ቀስ አደረገችው። ሰው ከንፈር የሚመጥልኝ በየመንገዱ ነው። የሞተችበት ሚስቱ ሐዘን ጎዳው ይሉኛል፤ አንዳንዱማ ደህና ሴት እንፈልግልህ ብሎ ሽማግሌ ሊልክልኝ ቃጣ። ግልፍተኛ መሆኔን ስለሚያውቁ ቶሎ ተዉት።

እትዬ ትርንጎ መጣች። ፊቷ ተኮሳትሯል። እንኳን በደህና ተመለሱ ልትል መስሎኝ ወንበር ሳብኩላት። እሷ ቁጭ ሳትል ሚስቴ ላይ አፈጠጠች። «እቴነሽ፣ ያኔ በሠርጌ ቀን ያልሽኝን አልረሳሁም» አለቻት። «ሞተሽ አመለጥሽኝ ብዬ ነበር።» ሚስቴ ያኔ ጨርሶ አልተወለደችም ነበር። ምን እንደተባባሉ አታውቅም፤ እናቷም አልነገረቻት። ግን ተነሳች፣ አንገቷን ደፋች፣ «ይቅር በይኝ ትርንጎ፣ የልጅነት ነገር ነው» አለቻት። እትዬ ትርንጎ እንባዋን ለቀቀችው፤ ተቃቀፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ትርንጎ ለሚስቴ እናት ወዳጅ ሆነችላት፤ በሕይወት ሳለች ሰላም ያላለቻት ሴት። ይህን ስል ልቤ ያምናል፤ ዓይኔ ግን ዛሬም አያምንም።

ይህ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው የማሬ ነገር ነው።

ማሬ ገና የወተት ጥርሷ አልተነቀለም። የመጀመሪያው ቀን እናቷ ፊቷ ተንበርክካ «ከዛሬ ጀምሮ እማማ በይኝ፤ እማዬ አትበይኝ» ስትላት ጨዋታ መስሏት ሳቀች። «እማዬ ነሽ እኮ!» አለቻት። በሁለተኛው ቀን አልሳቀችም። ከዚያ ይመኙሻል አንድ ነገር ወሰነች፤ እኔ ብሆን አልችለውም። ማሬ «እማዬ» ብላ ከጠራቻት አትዞርም። ልጅቱ ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ እየጮኸች «እማዬ! እማዬ!» ትላለች፤ ይመኙሻል ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርቷን ትከትፋለች። «እማማ» እስክትል ድረስ አትዞርም። ስትል ግን ሮጣ ታነሳታለች። ከወዲህ ከመጋረጃው ሆኜ እሰማለሁ። የሽንኩርቱ ክተፋ አንድም ቀን ሲቋረጥ አልሰማሁም፤ ይህ ነው የሚያስደነግጠኝ።

«አሁንስ በዛ፤ ልጅቷን ገደልሻት!» አልኳት አንድ ቀን፣ እርስዎ ማለቴን ረስቼ።

«እኔ ከሞትኩ ነው የምትሞተው» አለችኝ። «እንድታውቀኝ አልፈልግም። እንዳለሁ እንድታቆየኝ ነው የምፈልገው።»

እትዬ ትርንጎ ደግሞ በበኩሏ ደግ ላድርግ ብላ ማሬን እጇን ይዛ ወደ ተረተሩ ወሰደቻት። የይመኙሻል ድንጋይ የተነቀለበትን ጉድጓድ አሳየቻት። «እናትሽ እዚህ ነበረች» አለቻት። ማሬ የሣር አበባ ቀጥፋ ጉድጓዱ ውስጥ ጨመረች። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ፤ ልጅቱ አበባ ባየች ቁጥር ለእማዬ ነው እያለች ትቀጥፋለች። እኛ ደስ አለን። በእውነት ነው የምላችሁ፤ ልጃችን እየተማረች ነው ብለን ተመሰጋገንን።

ክር ጠባቂው መጣ። ገና ጎረምሳ ነው፤ ክር ሲስብ የሚውል ጣቱ ቀልቷል። ገበታ ላይ ነበርን፤ እኔ ከወዲህ፣ እነሱ ከወዲያ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ገባ። ክሩን ከእህል ቤት ጀምሮ ይዞት የመጣ ይመስል ሁለት ጊዜ ወደኋላው ዞሮ አየ። ከዚያ ማሬ ፊት ቁጢጥ አለ። ከኪሱ ሸንኮራ አወጣ።

«ማር የመሰልሽ ልጅ፣ ይችማ ማናት?» አለና ወደ ይመኙሻል ጠቆመ።

የይመኙሻል እጅ ጭኗ ላይ ነበር፤ ጣቶቿ ጨርቁን ጨምድደው ይዘዋል። ከደጅ ሁለት ቆፋሪዎች አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ድንገት ቢያስፈልግ ብለው ነው።

«እማማ ናት። አያቴ» አለች ማሬ።

«እናትሽስ?»

«ሞታለች። ድንጋይዋን ነቀሉት።»

«ትናፍቂያታለሽ?»

«አዎ» አለች ማሬ፤ ሸንኮራውን ተቀበለች። ክር ጠባቂው ራሷን ዳበሳት። ክሩ ትክክል ነው ብሎ ለቆፋሪዎቹ በእጁ ምልክት ሰጣቸው፤ ሄዱ። አካፋቸው ድንጋይ እየነካ ሲርቅ ሰማሁ።

መጋረጃውን ቀድጄ አወረድኩት። ስንት ወር የያዝኩት ሳቅ ይሁን ለቅሶ እንጃ፣ ብቻ ወጣኝ። ይመኙሻል መሬት ላይ ተንበርክካ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳለች። ፀጉሯ ተበትኗል፤ ያቺው የድሮዋ ናት፣ ወጣቷ። እጆቿን ዘረጋች።

«ሄዱ ልጄ፣ ሄዱ! ማንም የለም። ነይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እማዬ በይኝ።»

ማሬ አልተንቀሳቀሰችም። እያየቻት ሸንኮራዋን ትልሳለች። አስተያየቷ የፍርሃት አይደለም፤ ትልቅ ሰው ሲሳሳት የምታይ ልጅ አስተያየት ነው።

«እማዬማ ሞታለች» አለች። ቀርባ በእጇ የይመኙሻልን ጉንጭ ጠረገች፤ እጇ በሸንኮራ ይጣበቃል። «አታልቅሺ እማማ። አንቺም ልጅሽ ናት የሞተችው።»

እኔ ቆሜያለሁ፤ የቀደድኩት መጋረጃ በእጄ ነው። ይመኙሻል ቀና ብላ አየችኝ፣ አንድ ነገር እንድናገርላት። ማሬ እናቷ ጭን ላይ ወጥታ ተመቻችታ ተቀመጠች፣ ተረት ልትሰማ እንደተዘጋጀች ልጅ።

«እማማ፣ እማዬ ቆንጆ ነበረች?» አለቻት።

ይመኙሻል የልጅቱን ፀጉር ወደኋላ መለሰችላት። ከዚያ «ቆንጆ ነበረች» አለችና ስለ እማዬ ትነግራት ጀመር።